የማይኩ ጀርባ

ሰው አሮጌ ማይክ ሲገዛ ምን ይጠረጥራል ትሉኝ ይሆናል። ወድቆ እንደሆነ፣ ውሃ ገብቶበት እንደሆነ፣ ቢበዛ ተሰርቆ እንደሆነ ነው የሚጠረጥረው ትላላችሁ። በደርግ ጊዜ ግን ጥርጣሬ ዕቃው ላይ አያቆምም ነበር። ሻጩን ይይዛል፣ ደላላውን ይይዛል፣ የሻጩን ጎረቤት ይጨምራል፤ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ደግሞ የገዛ ጥላችሁን ዞር ብላችሁ ታያላችሁ።

እኔ ያን ጊዜ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ድምፅ ቀጂ ነበርኩ። ፊልም አንሺዎቹ እርሻና ፋብሪካ ሲዞሩ መቅጃዬን በትከሻዬ አንጠልጥዬ ከኋላቸው እከተላለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ማይክ እርጅና ተጫጭኖት እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል፤ እሱንም ቢሆን ከዕቃ ቤት ለማውጣት ደጅ መጥናት ነበረብኝ። ሕልሜ የራሴን ማይክ መግዛት ነበር። አገር ቤት ማሲንቆ የሚመታ አጎት ነበረኝ፤ በየዓመቱ ስሄድ ድምፁ ትንሽ ትንሽ እየተሰበረ አገኘዋለሁ። ሳይሰበር ልቅዳው እያልኩ ነበር የምኖረው።

ይህን የሚያውቀው በላቸው ነው። በላቸው ወሎ ሰፈር ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን ወዳጄ ነው። አንድ ቀን ጎራ ስል ቀና ሳይል፣ «ቦሌ አንዲት ሴትዮ የፈረንጅ ማይክ ትሸጣለች» አለኝ።

«የማን ነው?»

«የባሏ። ከፈረንጅ ፊልም አንሺዎች ጋር ይሠራ ነበር፤ ድርቁን ሊያነሱ የመጡት ጊዜ። አንተ እንደምትሠራው ድምፅ ነበር የሚይዘው።»

«እሱስ የት አለ?»

«ውጭ አገር ለትምህርት ሄዷል ትላለች።»

«ትላለች?»

በላቸው የሚበይደው ነገር ላይ እፍ አለ። «እኔ የሰማሁትን ነው የምነግርህ። የቀረውን ራስህ ጠይቅ። ባትጠይቅ ደግሞ ይሻልሃል» አለ።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። እንዲህ ያለ ማይክ በግለሰብ እጅ ምን ይሠራል? የመንግሥት ንብረት ከሆነ ገዢውም አሻጥረኛ ይባላል። ደግሞስ ማን ማይክ እንደሚፈልግ ለማወቅ ሆን ብለው ያስቀመጡት ቢሆንስ? ለአይጥ ሥጋ የሚያስቀምጥላት ወዷት አይደለም። በላቸው ራሱስ ቢሆን ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ያዘነልኝ? እንዲህ ነበርኩ። ሰው ፈገግ ሲልልኝ እንኳ ምን ፈልጎ ነው እል ነበር፤ ብቻዬን ደግሞ አልነበርኩም፤ አገሩ ሁሉ እንዲሁ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት መቅጃዬንና ማዳመጫዬን በሻንጣ ይዤ ከመገናኛ ተሳፈርኩ። ታክሲዋ ውይይት ናት፤ ሰው ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጥባታል። ስሟ ውይይት ይሁን እንጂ አንድም የሚወያይ አልነበረም። ሁሉም የሌላውን ጫማ እያየ ነው የሚሄደው። ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ሻንጣዬን ሁለት ጊዜ አየብኝ፤ ከመውረጃዬ አልፌ ወረድኩና በእግሬ ተመለስኩ።

በሩን ገርበብ አድርጋ አንድ ዓይኗን ብቻ ያሳየችኝ ጠይም ረዘም ያለች ሴት ናት። ስሟ ወይዘሮ ለተብርሃን ነው።

«ማን ላክዎት?»

«በላቸው።»

«የትኛው በላቸው?»

ነገርኳት። መታወቂያዬን ጠየቀችኝ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማኅተም ስታይ ፊቷ ጥቁር አለ። መልሳ ልትዘጋብኝ ነው ስል፣ ግራና ቀኝ መንገዱን አየችና አስገባችኝ።

ሳሎኑ በጠራራ ፀሐይ መጋረጃው ተዘግቷል። አንደኛው ግድግዳ ላይ ጣሪያ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ትልቅ ቡፌ ተደግፏል። ከሱ ትይዩ ያለው ግድግዳ ባዶ ነው፤ ሥዕል እንኳ አልተሰቀለበትም። ቡፌው ላይ ያለ ሬዲዮ ዜና እየለፈለፈ ነው። ወይዘሮ ለተብርሃን ስታናግረኝ ከሬዲዮው ጋር እየታገለች ነበር የምትናገረው፤ ግን ልትቀንሰው እጇን አልሰነዘረችም። ድምፅ እንጀራዬ ነውና ይሄን ልብ አልኩ። ሰው እንግዳ ሲመጣ ሬዲዮ ይቀንሳል።

ማይኩ በቆዳ ሳጥን ውስጥ፣ ስፖንጅ ላይ ተጋድሞ ነበር። ሳየው የልቤን ምት ደብቄ ፊቴን አኮሳተርኩ። ገዢ ከወደደ ተበላ። አገላብጬ አየሁት፤ አንድም ጭረት የለበትም። ይሄም አሳሰበኝ። ድርቅ ለድርቅ የዞረ ማይክ እንዴት ጭረት አይኖረውም?

«ባለቤትዎ በጣም ይጠነቀቁለት ነበር መሰለኝ» አልኳት።

«ከኔ የበለጠ ነበር የሚወደው።»

«መቼ ነው የሄዱት?»

«ቆየ። ይገዛሉ ወይስ ይጠይቃሉ?»

ባትሪ ድንጋይ ከተትኩበት፣ ከመቅጃዬ ጋር አገናኘሁት፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። በኛ ሙያ አንድ ልማድ አለ። ማይክ ሲሞከር ሰው ሲያወራ አይደለም የሚሞከረው፤ ዝም ሲባል ነው። ሲያወሩበትማ ሁሉም ጥሩ ነው። የታመመ ማይክ የሚታወቀው ቤቱ ጭጭ ሲል ነው፤ ያኔ ዘይት ላይ እንደወደቀ ሽንኩርት ይንጫጫል። ስለዚህ፣ «እባክዎ ሬዲዮውን ያጥፉልኝ» አልኳት።

«ለምን?»

«ዝምታ እፈልጋለሁ።»

«ሬዲዮ ካልተከፈተ ቤቱ ይጨንቀኛል። ከነሬዲዮው ይሞክሩት።»

«እንደሱ አይሞከርም። ካልጠፋ አልገዛም።»

አየችኝ፤ ለረጅም ጊዜ። አሁን ሳስበው በዚያች ሰዓት ያ ገንዘብ ምን ያህል ቢያስፈልጋት ነው እላለሁ። ሄዳ ሬዲዮውን አጠፋችው፤ ከዚያ ክፉኛ ጮክ ብላ፣ «እሺ! አሁን ሁላችንም ዝም እንላለን!» አለች። ከኔና ከሷ ሌላ ሰው አልነበረም። ሁላችንም ማለቷን ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ድምፁን ከፍ አድርጌ ማይኩን ቀስ እያልኩ አዞርኩት። ንጹሕ ነው፤ ጭራሽ ንጹሕ። በመስኮቱ በኩል የሩቅ ውሻ ሰማሁ። ወደሷ ሳዞረው የነጠላዋን መንኮሻኮሽ ሰማሁ። ወደ ቡፌው ሳዞረው ደግሞ ሰው ሲተነፍስ ሰማሁ።

የሷ ትንፋሽ አይደለም። እሷ በስተግራዬ ናት። ይሄ ቀስ ብሎ የሚተነፍስ፣ ደረቱ ውስጥ የሚሰቀስቅ ነገር ያለበት ሰው ነው። ከቡፌው ጀርባ፣ ከግድግዳው ውስጥ። ከዚያም የታፈነች፣ ልብስ አፍ ላይ ተጠቅጥቆ የወጣች ሳል ሰማሁ።

ቀና ስል ወይዘሮ ለተብርሃን ፊቴን እያነበበች ነው። ውጭ አገር ለትምህርት ሄዷል የተባለው ባሏ የት እንዳለ አወቅሁ፤ ማወቄንም አወቀች። ልቤ ሩጥ፣ ውጣ ይለኛል። ካላመለከትኩ ተባባሪ ነኝ፤ ካመለከትኩ ደግሞ ያ ሰው ያልቅለታል። ከሁሉ የከፋው፣ ይሄ ነገር እኔን ለመፈተን የተዘጋጀ ቢሆንስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። እስከዚያ ድረስ ነበር የደረስነው።

የውጭው በር በሰደፍ ተመታ።

«ክፈቱ! ከቀበሌ ነው!»

ሴትዮዋ ደሟ ከፊቷ ጠፋ። «ጠራሃቸው» አለችኝ፤ አንቱታው ቀረ።

«እናቴ ትሙት አልጠራሁም!»

የገባው ክላሽ ያነገተ፣ ጎልማሳ፣ ደንዳና አብዮት ጠባቂ ነው። ጓድ ሽፈራው ይባላል፤ የሰፈሩ ሰው ስሙን ሲሰማ መንገድ ይለውጣል ብሎኝ ነበር በላቸው። ሻንጣ የያዘ ፀጉረ ልውጥ መግባቱ ተነግሮት ነው የመጣው። ጠረጴዛው ላይ ሽቦውንና ማይኩን ሲያይ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«ከማን ጋር ነው የምትነጋገረው?»

«ከማንም ጋር አይደለም ጓድ። ይሄ መገናኛ ሬዲዮ አይደለም፤ ድምፅ መቅጃ ነው።»

«መቅጃ ይሁን መገናኛ በምን አውቃለሁ?»

መታወቂያዬን ተቀብሎ ፊቴንና ፎቶውን አስተያየ፤ መሥሪያ ቤቴን ጮክ ብሎ አነበበ። ወይዘሮ ለተብርሃን ሬዲዮውን ልትከፍት እጇን ስትዘረጋ፣ «ይቆይ!» አላት። ቤቱ ጸጥ አለ። ያ ሰው ከግድግዳው ውስጥ ሳሉን ይዞ ሲታገል ይታየኛል። አንድ ጊዜ ቢያመልጠው ሦስታችንም አበቃልን።

ዝምታውን የሚሰብር ነገር መፈለግ ነበረብኝ። «ለምን ራስዎ አይሞክሩትም?» አልኩት። «ይዝፈኑበትና ድምፅዎን መልሰው ይሰሙታል። መገናኛ ከሆነ መልሶ አይዘፍንም።»

ጠረጠረኝ። ግን እንዲህ ያለ ነገር ተነግሮት የማይፈተን ሰው የለም። ጠመንጃውን ሶፋው ላይ አስደገፈና፣ «ማዳመጫውን ለኔ አምጣ። በሱ ሌላ ሰው ሲያወራ ብሰማ ወየውልህ» አለኝ። አንድ ማዳመጫ ነው ያለኝ፤ ሰጠሁት። ጆሮው ግጥም አለ። ከዚህ በኋላ እሱ የሚሰማው ማይኩ የሰማውን ብቻ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ማይክ ፊቱ ይሰማል፤ ጀርባው ደንቆሮ ነው። ጤነኛ ከሆነ ማለቴ ነው። አንዴ ወድቆ ከሆነ ግን ጀርባውም ጆሮ ያወጣል። እኔ ደግሞ ጀርባውን ገና አልሞከርኩትም ነበር። ሽፈራውን ይዤ ባዶው ግድግዳ ጋ አቆምኩት፣ ማይኩን ወደሱ፣ ጀርባውን ወደ ቡፌው አዞርኩት። ያን ሁሉ ቀን የጠረጠርኩትን ማይክ በዚያች ሰዓት ማመን ግድ ሆነብኝ። የመቅጃውን ቁልፍ ተጫንኩ።

መጀመሪያ ሁላችንም በግድ የምናውቀውን ዓይነት የሰልፍ መዝሙር ጀመረ፤ ግማሹ ላይ ጠፋበት። ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነና ሌላ ሰው ሆነ። የአገሩን እንጉርጉሮ አወጣው፦

«ከብቱም ገባ አሉኝ፣ ሰዉም ገባ አሉኝ፣
ያንተ መምጫ መንገድ ሳር በቀለበት አሉኝ።»

የታደለ ድምፅ ነበረው። በሁለቱ ስንኞች መካከል ትንፋሽ ሲስብ፣ ከቡፌው ጀርባ ሳሉ አመለጠ። በባዶ ጆሮዬ ሰማሁት፤ ለተብርሃንም ሰማችው፤ የወንበሩን መደገፊያ ጨምቃ ያዘችው። እኔ የማየው የሽፈራውን ፊት ነው። ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀም። ሁለተኛውን ስንኝ ቀጠለ፣ ደገመው፣ ጨረሰ።

«አሰማኝ» አለ።

ካሴቱን ወደኋላ አጠንጥኜ ከፈትኩለት። ማዳመጫውን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። «ይሄ እኔ ነኝ?» አለ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ሆነ። «ድገመው።» ደገምኩለት። በሁለተኛው ላይ ምንም አላለም። ማዳመጫውን አወለቀና ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠው። እኔን አየኝ፤ ለተብርሃንን አያት።

«ከኔ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማበትም» አለ። «ደህና ማይክ ነው። ግዛው።»

ጠመንጃውን አነገተና በሩ ጋ ሲደርስ ወደኔ ዞረ። «ካሴቱን እንዳታጠፋው። አንድ ቀን መጥቼ እወስደዋለሁ። መሥሪያ ቤትህን አውቄዋለሁ።» ከዚያ ለተብርሃንን፣ «ዘንድሮ ብርዱ ክፉ ነው። ዝንጅብል በማር አፍልተው ይያዙ፤ ሬዲዮዎንም ይክፈቱ፤ ቤቱ ጭር ብሏል» ብሏት ሄደ።

የካድሬ ምክር አያልቅም አልኩ በሆዴ።

ለተብርሃን ወንበሩ ላይ ወደቀች። «ሰምተሃል አይደል?» አለችኝ።

«ምንም አልሰማሁም» አልኳት።

ያኔ አለቀሰች። ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ማይኩን ወደ ሳጥኑ ስመልስ፣ ከቡፌው ጀርባ አንድ የሰለለ ድምፅ፣ «ወንድሜ... ዝናብ አታሳየው» አለኝ። ፊቱን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ከጊዜ በኋላ በላቸው በጆሮዬ፣ «ሰዎችህ ድንበሩን ተሻግረዋል» ሲለኝ ግን፣ ይሄን ያህል ያስደሰተኝ ነገር ኖሮ ያውቃል ወይ አልኩ።

አጎቴን ቀዳሁት፤ ድምፁ ሳይሰበር ደረስኩበት። ያችን ካሴት ግን አንድም ቀን አላዳመጥኳትም። ላጠፋት እፈራለሁ፤ ሽፈራው መጥቶ ቢጠይቀኝስ? ልሰማትም እፈራለሁ። ቁም ሳጥን ውስጥ ከልብስ ስር ከትቻት፣ የመሥሪያ ቤቴ በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ የመጣ እየመሰለኝ ስደነግጥ ኖርኩ። ማይኩ አዳነን እያልኩ ማይኩን አመሰግናለሁ፤ ሽፈራውን ሳስበው ይጎመዝዘኛል።

ሽፈራው አልመጣም። ደርግ ከወደቀ በኋላ የመጣችው ሚስቱ ናት። አስካለ እባላለሁ አለችኝ፤ ጥቁር ለብሳለች። አሁንም ልማዴ አልለቀቀኝምና ምን ፈልጋ ነው ብዬ መጀመሪያ አላውቀውም አልኳት።

«ግንባር ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ» አለችኝ። «ሲሄድ፣ ድምፄን የቀዳ ሰው አለ፣ እዚህ መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው ብሎኝ ነበር። ልጄ አባቷን አታውቀውም። ካለህ አንዴ አሰማኝ፤ ከሌለህም ግድ የለም፣ እሄዳለሁ።»

አፈርኩ። በማግስቱ ካሴቷን አመጣሁላት፤ ማዳመጫውን ራሷ ላይ አድርጌ ከፈትኩላት። ገና በመጀመሪያው ቃል እጇን አፏ ላይ ጫነች። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል። ከዚያ በድንገት ግንባሯን ቋጠረች።

«ይሄ በመሃል የሚያስለው ማነው?» አለችኝ። «አንተ ነህ?»

ማዳመጫውን ተቀብያት ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ከብቱም ገባ አሉኝ፣ ሰዉም ገባ አሉኝ፤ ትንፋሽ፤ ከዚያም ሳሉ። ሩቅ አይደለም። ማንም የሚሰማው ሳል ነው። የማይኩ ጀርባ ደንቆሮ ነበር፤ ሽፈራውን ያስደገፍኩት ባዶ ግድግዳ ግን የሰማውን ሁሉ እየመለሰ ለማይኩ ፊት ይሰጥ ኖሯል። ድምፅ ቀጂ ነኝ ባዩ፣ ያን ቀን ከፍርሃት የተነሣ ግድግዳ ረሳሁ።

እንግዲህ ሽፈራው ሰምቷል። ሲዘፍን ሰምቷል፤ ሰምቶ ሁለተኛውን ስንኝ ቀጥሏል። መልሼ ሳሰማው ሰምቷል፤ ድገመው ብሎም ሰምቷል። ዝንጅብል በማር ያለው ለማን እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

«እኔ አይደለሁም» አልኳት አስካለን። «ባልሽ ያተረፈው ሰው ነው።» ቁጭ ብዬ ከሀ እስከ ፐ ነገርኳት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በዚያ ዘመን ያለፋችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ያላለፋችሁም ከአባቶቻችሁ ጠይቁ። ሁላችንም እርስ በርስ ስንጠራጠር ኖረን፣ ማን እንዳሳሰረን እንጂ ማን ሰምቶ ዝም እንዳለልን አልቆጠርንም። የጎዳን ሰው ስም አለው። ሰምቶ ዝም ያለው ግን ዝም ብሏልና አይታወቅም። ሽፈራው ሌላ ቤት ምን አድርጎ እንደሆነ አላውቅም፤ ቅዱስ ነበር አልላችሁም። የኔ ጥርጣሬም ጨርሶ አልጠፋም፣ ከአጥንቴ ገብቷል። ነገር ግን ዛሬ አንድ ሰው ፊቱን ሲያጠቁርብኝ፣ ይሄስ ምን ሰምቶ ትቶልኝ ይሆን እላለሁ።

ለአስካለ ካሴቷን ልገለብጥላት ስል፣ «ያችን ሳል ላወጣልሽ እችላለሁ፤ ዘፈኑ ብቻውን ይቀራል» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «አትንካት» አለችኝ። «እሱ ሰምቶ የተዋትን እኔ ላስወጣት? ልጄ ከነሳሉ ትስማው።»